የት ነህ?

እስቲ የዓለም ካርታ ዘርጉና ጣታችሁን እንግሊዝ ላይ አሳርፉ። ከዚያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ቁልቁል ወደ ደቡብ ውረዱ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕን አልፋችሁ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጡ፤ ከአውስትራሊያው ኬፕ ሉዊንና ከኒውዚላንድ በስተደቡብ እለፉ። ሰፊውን ፓስፊክ ተሻግራችሁ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬፕ ሆርንን ዞራችሁ፣ በአትላንቲክ ሽቅብ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ።

ጣታችሁ በአንድ ደቂቃ የጨረሰው ይህ መንገድ በባሕር ላይ ወደ 30,000 ማይል ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚኬደው በዚያ ደቡባዊ ባሕር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ነው። የሚገታው የብስ ስለሌለ ማዕበሉ እንደ ቤት ይቆለላል።

በ1968 እ.ኤ.አ. ሰንዴይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በዚህ መንገድ ጎልደን ግሎብ የተሰኘ ውድድር አዘጋጀ። ደንቡ ከባድ ነበር፦ አንድ ሰው ብቻውን፣ በሸራ ጀልባ፣ የትም ወደብ ሳይቆም፣ የማንንም እርዳታ ሳይቀበል ዓለምን ይዞራል። ቀድሞ ለገባ ዋንጫ፣ በአጭር ጊዜ ለጨረሰ ደግሞ 5,000 ፓውንድ ተዘጋጀ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ።

የዋዜማዋ ሌሊት

ከዘጠኙ አንዱ የአራት ልጆች አባት የሆነው ዶናልድ ክሮውኸርስት ነበር። አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅቱ እየከሰረበት ነበር። ጀልባዋን ካሠራለት ባለገንዘብ ጋር የገባው ውል ደግሞ ጉዞውን ቢያቋርጥ ዋጋዋን የሚያስከፍለው ነበር፤ ቤቱንም አስይዟል። የመነሻው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 31 ሲደርስ በጥድፊያ የተሠራችው ጀልባ ገና አልተሰናዳችም።

በዋዜማው ሌሊት በአልጋው ላይ አለቀሰ። ጀልባዋ እንዳልሆነች ለሚስቱ ለክሌር ነገራት። ክሌር ግን ሕልሙን ላለማሰናከል ብላ አልከለከለችውም። ያን ሌሊት ባሏ “ይቅርብህ” የምትለውን አንዲት ቃል ከእርሷ ይሻ እንደነበር የተረዳችው በኋላ ነው። በማግሥቱ ሄደ።

ሁለት መንገድ

ጥቂት ሳምንታት እንደተጓዘ ጀልባዋ ውኃ ታስገባ ጀመር። ቢቀጥል በደቡቡ ባሕር እንደሚሞት፣ ቢመለስ እንደሚከስር አወቀ። በዲሴምበር 1968 ሦስተኛ መንገድ መረጠ፤ ውሸትን። በሬድዮ ያልደረሰበትን ቦታ ደረስሁ እያለ ያስተላልፍ ጀመር። አንድ ቀን ብቻ 243 ማይል ተጉዣለሁ አለ፤ ጋዜጦችም አጨበጨቡለት። እርሱ ግን ከአትላንቲክ አልወጣም ነበር።

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 1969 ድረስ ሬድዮውን ዘጋ። ሚስቱና ልጆቹ በደቡቡ ባሕር ይሆናል ብለው ሲጠብቁ እርሱ ጀልባውን ለመጠገን በስውር አርጀንቲና ወርዶ ነበር።

ውሸት በተናጋሪው ላይ ብቻ አይቆምም። ናይጄል ቴትሊ የተባለ ሌላ ተወዳዳሪ የተጎዳች ጀልባውን ይዞ ወደ ቤቱ እየተቃረበ ነበር። ክሮውኸርስት ከኋላው የደረሰበት መስሎት ሸራውን አብዝቶ ቢገሰግስ፣ ጀልባው በሜይ 1969 ተሰብራ ሰጠመች። እርሱ በሕይወት ተረፈ።

አሁን የ5,000 ፓውንዱ ሽልማት ወደ ክሮውኸርስት አደላ። አሸናፊ ሆኖ ሲገባ ግን የጉዞ መዝገቡ ሊመረመር ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች አእምሮው እንደታወከ ያሳያሉ። ጽሑፉ ጁላይ 1 ቀን 1969 ያበቃል። በዘጠነኛው ቀን አንዲት መርከብ ጀልባዋን ባዶዋን አገኘቻት። አስከሬኑ አልተገኘም። እውነተኛው መዝገብ ግን እዚያው ነበር።

ዛሬ በእኛ ቤት

እናንተ ባለትዳሮች፣ ይህ ታሪክ የመርከበኞች ብቻ ነውን? ከሥራ ከተሰናበተ ሦስት ወር ሆኖት ዛሬም ጠዋት ጠዋት ክራቫቱን አስሮ የሚወጣ ባል የለምን? ባሏ የማያውቀው ብድር ተሸክማ “ሁሉ ደህና ነው” የምትል ሚስትስ? በመዘምራን መካከል እያሸበሸበ በልቡ ግን ከአትላንቲክ ያልወጣ አገልጋይስ? እኛም ሁለት መንገድ አለን፤ የምንናገረውና ያለንበት።

እግዚአብሔር ከዛፍ መካከል ለተሸሸገው አዳም ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ “የት ነህ?” የሚል ነው (ዘፍ. 3፥9)። ስፍራውን ስላላወቀ አልጠየቀውም፤ ከተሸሸገበት ሊያወጣው ነው እንጂ። ምሳሌ 28፥13ም ኃጢአትን መሸፈን እንደማያዛልቅ፣ መናዘዝና መተው ግን ምሕረት እንደሚያስገኝ ያስተምረናል።

ባሎች ሆይ፣ ጀልባችሁ ውኃ እያስገባች ከሆነ ገና ወደቡ ሳይርቅ ተናገሩ። ዛሬ የሚያሳፍረው ከነገው ይቀላል። ሚስቶች ሆይ፣ ባላችሁ በሌሊት ሲጨነቅ ለማበረታታት አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ ስሙት። አንዳንዴ “ይቅርብህ፤ ድሃ ብንሆንም አብረን ነን” ማለት ትልቅ እምነት ነው። ባሎችም ለሚስቶቻችሁ እንዲሁ አድርጉ። መውጫ የለም የሚል ሐሳብ የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው፣ ለመጋቢያችሁና ለሐኪም ንገሩ።

የውድድሩ ፍጻሜ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል። ከዘጠኙ መንገዱን የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ነበር፤ በ312 ቀን ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ገባ። ዋንጫውም 5,000 ፓውንዱም የእርሱ ሆኑ። ገንዘቡን ግን ለክሮውኸርስት ሚስትና ልጆች ሰጠ። መንገዱን በእውነት የዞረው ሰው ዋጋውን ላልዞረው ሰው ቤተሰብ አሳልፎ ሰጠ። ወንጌልን ለምናውቅ ይህ እንግዳ አይደለም፤ እኛ ያልሮጥነውን ሮጦ፣ ዋጋውን ለእኛ የሰጠን ጌታ አለን። ታዲያ እንዲህ ያለ ጸጋ እያለ ለምን እንሸሸጋለን?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ “የት ነህ?” “የት ነሽ?” የምትሰሙት መልስ ቢያስደነግጣችሁም አትፍረዱ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙና ጸልዩ። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።