የእግር ነርቭ ጉዳትና የመዝገቡ ቃል፤ ተረትና እውነታ

በሕክምና መዝገብ ላይ ከሕመምተኛው ስም አጠገብ የሚሰፍረው አጭር የፊደልና የአኃዝ መለያ፣ ለሒሳብ ክፍል ብቻ የተፈጠረ፣ ሐኪሙንም ሕመምተኛውንም የማይመለከት ነገር ነው የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። እውነታው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ለተሰበሰቡት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር የታሰበው ለገንዘብ መጠየቂያ ሳይሆን፣ ሕዝብ በየትኛው ደዌ እንደሚያልቅ መንግሥታት በአንድ ሥርዐት ቈጥረው እንዲያውቁት ነበር፤ በ1948 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝሩን ተረክቦ ከሞት ሌላ ሕማምንና ጉዳትን እንዲያጠቃልል አደረገው። በአሜሪካ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የሚሠራበት መጽሐፍ የዚሁ ዝርዝር ዐሥረኛ እትም ለአገሩ እንዲስማማ ተዘርዝሮ የተዘጋጀ ነው። የመድን ድርጅቱ ለእግር መደገፊያው፣ ለነርቭ ምርመራውና ለአካል ማጎልመሻ ሕክምናው ይክፈል አይክፈል ሲመረምር መለያውን የሚያነብ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን መለያው የሚወለደው ሐኪሙ በእጁ ከጻፈው ቃል ነው።

ከሐሰተኞቹ እምነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚጎዳው «ነርቭ ከታመመ ታመመ ነው፤ በምን ምክንያት እንደ ታመመ መጻፍ ምን ይረባል?» በሚለው ነው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭው በኩል፣ ፊቡላ የሚባለውን ቀጭን አጥንት አንገቱ ላይ ዞሮ የሚያልፈው ፔሮኒያል የተባለው ነርቭ፣ በዚያ ስፍራ በቂ የሥጋ ሽፋን ስለሌለው ለጉዳት እጅግ የተጋለጠ ነው፤ እርሱ ሲታመም ሰውየው ተረከዙን መሬት አስነክቶ የፊት እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ይሳነዋል፤ ሲራመድም ጣቶቹ መሬት እንዳይጎትቱ ጉልበቱን ከልክ በላይ እያነሣ ይረግጣል። እንግዲህ በመኪና አደጋ ጉልበቱ የወለቀ ሰውና በረጅም ደዌ ከስቶ ሳለ እግሩን አጣምሮ መቀመጥ ያዘወተረ ሰው አረማመዳቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ መለያቸው ግን አንድ አይደለም። የፊተኛው በጉዳቶች ምዕራፍ ኤስ 84.1፣ የኋለኛው በነርቭ ደዌያት ምዕራፍ ጂ 57.3 ይባላል፤ መጽሐፉም ራሱ በአደጋ የደረሰ ትኩስ የነርቭ ጉዳት በጂ 57 ሥር እንዳይገባ በግልጽ ይከለክላል። ሐኪሙ «የፔሮኒያል ነርቭ ሕመም» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ መለያ የሚሰጠው የመዝገብ ሠራተኛ አደጋውን ከራሱ ግምት ሊጨምር አይፈቀድለትም፤ ሐኪሙን ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በዚህች በአንዲት ባልተጻፈች ሐረግ ምክንያት፣ በሥራ ላይ ሳለ የተጎዳ ሰው ጉዳቱ ከሥራው የመጣ መሆኑን ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል፤ ይህም በቸልታ የሚታለፍ በደል አይደለም። ቀኝና ግራም እንዲሁ ነው፤ ቀኙ 84.11፣ ግራው 84.12 ሲሆን፣ ወገኑ ሳይጻፍ ሲቀር 84.10 ይገባል፤ ሕመምተኛውን ፊት ለፊት አይተው ወገኑን ሳይጽፉ መቅረት ምክንያት የሚገኝለት አይመስለኝም።

ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም ሁሉ ሳያቲካ ብሎ መደምደምም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙን ያመጣው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የነርቭ ሥር ተጭኖ ከሆነ ነገሩ በኤም 51.1 ሥር ይመዘገባል፤ ሳያቲክ ነርቭ ራሱ ታሞ ከሆነ በጂ 57.0፣ ዳሌ ወይም ጭን ላይ በአደጋ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ በኤስ 74.0። እነዚህን ለመለየት ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፊት እግሩ ወደ ላይ አልነሣ ያለውን ሰው ሐኪሙ ውስጥ እግሩን ወደ ሌላው እግር እንዲያዞር ሲያዝዘው፣ ጉዳቱ በፔሮኒያል ነርቭ ብቻ ከሆነ ይህ ኃይል ሳይጎድል ይገኛል፤ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ተጨቍኖ ከሆነ ግን እርሱም ይደክማል። ይህ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚፈጅ ምርመራ በመዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ቢሰፍር፣ ከብዙ ገጽ አጠቃላይ ቃል ይልቅ ያስረዳል።

በአሜሪካው እትም ከጉዳት መለያ መጨረሻ የምትቆመው ሰባተኛዋ ፊደልም በተሳሳተ ትርጓሜ ትታወቃለች፤ «ኤ» የመጀመሪያ ቀን፣ «ዲ» የተከታዩ ቀን ምልክት ትመስላለችና። በደንቡ መሠረት ግን ጉዳቱ ገና በንቁ ሕክምና ላይ እስካለ ድረስ፣ ሐኪሙ ሌላ ቢሆንም ቀኑ ቢርቅም፣ «ኤ» ትጸናለች፤ «ዲ» የምትገባው ሕመምተኛው ወደ ማገገም ሲሻገር ነው። እግሩ ሳይነሣ ቀርቶ ዘላቂ ጉድለት ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የጉድለቱ መለያ ኤም 21.37፣ ቀጥሎም የቀድሞው ጉዳት መለያ ሰባተኛ ፊደሉ «ኤስ» ሆኖ ይጻፋል። በተመላላሽ ሕክምና «ምናልባት» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ የተጻፈ ደዌም እንደ ተረጋገጠ ተቈጥሮ መለያ አይሰጠውም፤ የሚመዘገበው የታየው ምልክት ነው።

በመጨረሻ፣ መለያው የጉዳቱን ክብደት ይናገራል የሚለው እምነት ሕመምተኛውን ከንቱ ተስፋ ወይም ከንቱ ሥጋት ላይ ይጥለዋል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ሴደን በ1943 የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ነርቩ ሳይበጠስ ለጊዜው ሥራውን ያቆመበት፣ ውስጣዊው ክሩ ተቈርጦ ሽፋኑ ግን የተረፈበት፣ ፈጽሞም የተበጠሰበት። ኤስ 84.1 ለሦስቱም አንድ ነው። ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ተስፋው በወራት የሚለካ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚደረገውም የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ከጉዳቱ በኋላ 3 ሳምንት ያህል ሳያልፍ ሙሉ ሥዕሉን አያሳይም። ስለዚህ የጡንቻው ኃይል ከ0 እስከ 5 በሚቈጠረው መለኪያ ስንት እንደ ሆነ፣ የደነዘዘው የቆዳ ክፍል የቱ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱም የደረሰበት ቀን በመለያው ውስጥ ስለማይገኝ በሐኪሙ ቃል መጻፍ አለበት።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ሆይ፣ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን የጤና መድን ሕግ ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት የመዝገባችሁን ግልባጭ የመጠየቅ፣ ስሕተት ሲገኝበትም እንዲታረም የማመልከት መብት አላችሁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሕክምና ቤትም አስተርጓሚ በነጻ ሊያቀርብላችሁ ይገባዋል። ግልባጩን ስትቀበሉ የትኛው እግር፣ የትኛው ነርቭ፣ በምን ምክንያትና በየትኛው ቀን እንደ ተጎዳ መጻፉን ተመልከቱ፤ ከጎደለም ሳትዘገዩ ለሐኪማችሁ በጽሑፍ አመልክቱ።