ወይዘሪት ብርቱካን፦ ከችሎት እስከ ምርጫ ቦርድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከጥብቅና ወደ ሴኔት የሚወስደው መንገድ ብዙ ሰው የሄደበት ነበር። አብርሃም ሊንከንም ከጠበቃነት ተነሥቶ ለሴኔት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ፕሬዚዳንት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ከሕግ ሙያ ወደ ፖለቲካ የገቡት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ግን መንገዳቸው በቃሊቲ በኩል ነበር።

ዳኛ ሳሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ የዳኛዋ ስም ግን በየቤቱ ገባ። በ1997 ዓ.ም. ወደ ቅንጅት ገብተው እስከ ምክትል ሊቀ መንበርነት ደረሱ። ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ከሌሎች መሪዎች ጋር ታስረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አንድነት ፓርቲን መሩ። ስዊድን ሄደው ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገሩትን እንዲያስተባብሉ ተጠየቁ፤ ጥቂት ቀንም ተሰጣቸው። እሳቸው «ቃሌ» ብለው የጻፉትን አውጥተው በአቋማቸው ጸኑ። ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሽሮ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው። ለብቻቸው በተያዙባቸው ወራት እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሿ ልጃቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ቡና ላይ ሲወራ «ልጅ እያላት እንዴት እምቢ ትላለች?» የሚል አይጠፋም ነበር። አብረዋቸው ስለታሰሩት አባቶች ግን እንዲህ ሲባል አልሰማሁም። የአያትየዋም ነገር ብዙ አልተነሣም፤ ስንቅ ቋጥሮ፣ የልጅ ልጅ እጅ ይዞ እስር ቤት መመላለስ ቀላል ሥራ አይደለም። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሄደውባቸው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ የአርሲ እናቶች ይህ ድካም አይጠፋቸውም። ሕፃን ማታ ማታ «እማዬ የት ናት?» ሲል የምትመልሰው አያት ናት።

ወይዘሪት ብርቱካን መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ተፈቱ። አሜሪካ ሄደው ሃርቫርድ ተማሩ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙና፣ ቀድሞ በምርጫ ምክንያት የታሰሩት ሴት ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገውን አገር አቀፍ ምርጫ አስመሩ። በ2015 ዓ.ም. ጤናቸውን ምክንያት አድርገው ሥራቸውን ለቀቁ።