ከ«የቱ ይሻላል?» ወደ «በምን?»፦ ስለ ልጆችና ስለ ማነጻጸር ተረትና እውነታ

ማነጻጸር ሁለት ነገሮችን በአንድ መስፈሪያ ጎን ለጎን አይቶ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ለይቶ መናገር ሲሆን፣ መስፈሪያ የሚባለውም ቅርጽ፣ አሠራር፣ ጥቅም ወይም ሁለቱም ሊመዘኑበት የሚችል ሌላ ነገር ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ ለዚህ ትምህርት የሚሆነው ነገር ሁሉ በማጀት፣ በጓሮና በማሳ የሞላ ቢሆንም፣ ስለ አሰጣጡ የሚነገሩ አንዳንድ እምነቶች መታረም አለባቸው።

ተረት 1፦ ማነጻጸር የሚሻለውን መምረጥ ነው።

እውነታ፦ «ማወዳደር» የሚለው ቃል ከ«ውድድር» ጋር ሥር ስለሚጋራ አሸናፊ የግድ የሚያስፈልግ ያስመስላል፤ ይሁን እንጂ ፍርድ የሚመጣው መስፈሪያው ከታወቀ በኋላ ነው። ባቄላና ግብጦ ሁለቱም ጥራጥሬ ናቸው፤ ሁለቱም በሥራቸው በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ባቄላ በእሸቱ ሲበላ፣ ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ተቆልቶ ለቀናት በውኃ መዘፍዘፍ አለበት። በአንጻሩ ባቄላ በማይበረታበት የደከመ መሬት ላይ ግብጦ ይበቅላል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» የተባለ ልጅ «ለምኑ?» ብሎ መልሶ ከጠየቀ ትምህርቱ ገብቶታል።

ተረት 2፦ ልዩነት የሚጎላው እጅግ የተራራቁ ነገሮች ሲቀርቡ ነው።

እውነታ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴድሬ ጌንትነርና አርተር ማርክማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ከተራራቁት ይልቅ በተቀራረቡ ጥንዶች መካከል ልዩነትን በቀላሉ እንደሚያገኙ አሳይተዋል፤ ልዩነት የሚታየው የጋራ በሆነው ነገር ላይ ነውና። ፈረስንና ሞፈርን አነጻጽር የተባለ ልጅ የሚለው ቶሎ ሲያልቅበት፣ ፈረስና በቅሎ ሲቀርቡለት ግን ስለ ጆሯቸው ርዝመት፣ ስለ ጭራቸውና ስለ መውለዳቸው ብዙ የሚናገረው ያገኛል። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ለዚህ ይጠቅማል፤ እናቷ ባዝራ ስለሆነች ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው፣ የተደበቀው ግን አባቷ አህያ ነው፤ መመሳሰልን ብቻ የሚቆጥር ንጽጽርም እንደ በቅሎዋ መልስ ግማሹን ያስቀራል።

ተረት 3፦ ሕፃን የሚያየው መልክን ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤት እስኪገባ መጠበቅ ይገባል።

እውነታ፦ እምነቱ ከፊል እውነት አለው፤ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ያልሞላቸው ብዙ ልጆች ውኃ ከሰፊ ዕቃ ወደ ጠባብና ረጅም ዕቃ ሲገለበጥ የበዛ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ጌንትነርና ላውራ ናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ብስክሌት ብቻ ያዩ የአራት ዓመት ልጆች በቅርጽ የሚመስለውን መነጽር ወደ መምረጥ ሲያዘነብሉ፣ ብስክሌትና ባለሦስት ጎማ ብስክሌት አብረው የቀረቡላቸው ግን በጎማ የሚሄደውን መንሸራተቻ ወደ መምረጥ አዘንብለዋል። ከመልክ አልፎ ለማየት የረዳቸው ማነጻጸሩ ራሱ ነው።

ተረት 4፦ ዘዴው ከውጭ የመጣ ነው።

እውነታ፦ መመሳሰልንና መለያየትን በተጠላለፉ ክቦች የሚያሳየው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1880 ስለ ጉዳዩ በጻፈው በእንግሊዛዊው ጆን ቬን ስም ይጠራል፤ ማነጻጸር ግን በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። «ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት» የሚል እንቆቅልሽ የቀረበለት ልጅ ጤዛ መሆኑን የሚያውቀው ያየውን ከተባለው ጋር አመሳክሮ ነው። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶችም፣ ሰም የተባለው ግልጽ ትርጉም ወርቅ ከተባለው ስውር ትርጉም ጋር በምን እንደሚገጥም ሳያዩ ቅኔ መቁጠር አይቻልም።

ወላጆችም ሆኑ መምህራን ከምጣዱ ሊጀምሩ ይችላሉ። እንጀራና ቂጣ ሁለቱም በዱቄትና በውኃ ተቦክተው የሚጋገሩ ሲሆኑ፣ የሚለያቸው እርሾው ነው፤ ልጁ ይህን ካየ በኋላ የስንዴ ዳቦ ከየትኛው ጋር እንደሚመደብ ይጠየቅ። በእርሾው ከእንጀራ፣ በስንዴነቱ ከስንዴ ቂጣ ጋር ስለሚሄድ ሁለቱም መልስ ትክክል ነው፤ ልጁ ሊጠየቅ የሚገባው የመረጠበትን መስፈሪያ ነው።