መጠኑ ቀለሙን የሚወስን ቅንጣት

ሸማኔ ለጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ቢሻ ሁለት ዓይነት ክር ያዘጋጃል፤ አንዱ ክር ሁለት ቀለም አይሆንለትምና። የዘመናችን ሊቃውንት ግን አንዱን ነገር፣ ቅመሙን ሳይለውጡ፣ በማሳነስና በማተለቅ ብቻ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ያለውን ብርሃን እንዲሰጥ አድርገውታል። ይኸውም ነገር «ኳንተም ዶት» ይባላል፤ የኳንተም ነጥብ ማለት ነው።

ትንሽነቱ ምን ያህል ነው? የፎገራ ገበሬ ከሚያመርተው ሩዝ አንዲቱ ፍሬ ስድስት ሚሊ ሜትር ትረዝማለች እንበል። ስድስት ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው አንድ ሚሊዮን ነጥቦች በመስመር ቢደረደሩ የዚችን ፍሬ ርዝመት ያህላሉ።

ምሥጢሩ በኤሌክትሮን ላይ ነው። ሴሚኮንዳክተር በሚባለው ነገር ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ብርሃን ሲያርፍበት ኃይል ተቀብሎ ከፍ ይላል፤ ተመልሶ ሲወርድም ኃይሉን በብርሃን መልክ ይሰጣል። ቅንጣቱ እጅግ ሲያንስ ግን ኤሌክትሮኑ መፈናፈኛ ያጣል፤ ከፍ ለማለት የሚያስፈልገውም ኃይል ይጨምራል። አዝማሪ የሚርገበገበውን የማሲንቆ ጭራ በጣቱ ባሳጠረ መጠን ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ነጥቡም ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካድሚየም ሴሌናይድ የተባለው ውሕድ ሁለት ናኖ ሜትር ግድም ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ ስድስት ሲደርስ ቀይ ያበራል።

ይህን መጀመሪያ በባለቀለም መስተዋት ውስጥ ያየው ሩስያዊው አሌክሴይ ኤኪሞቭ ነው፤ ዘመኑም 1981 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሉዊ ብሩስ በፈሳሽ ውስጥ በተንሳፈፉ ቅንጣቶች ላይ አገኘው። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙንጊ ባዌንዲ ነጥቦቹን በተፈለገው መጠን አስተካክሎ የመሥራትን ዘዴ አወጣ። ሦስቱም በ2023 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ባዌንዲ አባቱ የአፍሪካችን የቱኒዚያ ሰው ነው፤ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና መውደቁን ራሱ ተናግሯል። ይህ ተስፋ ለቆረጠ ተማሪ ትልቅ ምክር ነው።

ነጥቦቹ ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ቀለም ያጠራሉ፤ በሕክምና ምርምርም ዕጢን ለይቶ ለማሳየት ያገለግላሉ። ዳሩ ግን ካድሚየም መርዝ ነው። በጃፓን አገር በጂንዙ ወንዝ፣ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ከመስኖ ውኃ ጋር ወደ ሩዝ ማሳ ገብቶ፣ ብዙ ሰዎች አጥንታቸው እየተሰባበረ ተሠቃይተዋል። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው።

ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከወንዛዬ እስከ ወረታ ያለውም ሕዝብ ኑሮው በዚሁ ውኃ ላይ ነው። ይህን ማንሣታችን መርዙ ደርሷል ለማለት ሳይሆን፣ ሳይደርስ እንዲታሰብበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ የሚገባውን ካድሚየም በሕግ ወስኗል፤ ፋብሪካዎችም ኢንዲየም ፎስፋይድ በተባለው ውሕድ ይተኩት ጀምረዋል። እንግዲህ ተማሪው የነጥቡን ጥበብ ይማር፤ ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የሚገዛው ወጣት ሹም ደግሞ ከምን እንደተሠራና ሲያረጅ የት እንደሚጣል አስቀድሞ ይጠይቅ።