የምንጣፍ ዘንዶ ቀለምና ቁጣ

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በአተርተን ደጋ ጫካዎች የሚገኘው የምንጣፍ ዘንዶ ከእንቁላሉ ሲወጣ ዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መልኩም ጭቃ የነካው ገመድ የመሰለ ቡናማ ነው። ጠባዩ ግን ከቁመቱ ይበልጣል። እጅ ሲቀርብለት አንገቱን አጣጥፎ ወደ ኋላ ይስብና ይወረወራል፤ ቢስት እንደገና ይሞክራል። ይኸው እባብ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ቡናማነቱ ጠፍቶ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ጠባዩም አብሮ ይለወጣል። ትናንት እጅ ባየ ቁጥር ይናከስ የነበረው፣ ዛሬ አሳዳጊው ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ዝም ይላል።

ሁለቱ ለውጦች በአንድ ዕድሜ ስለሚመጡ፣ በእባብ አርቢዎች መካከል ቀለምና ጠባይ እንደ መንታ መወራታቸው አይገርምም። ይኸኛው መልክ ቁጡ ነው፣ ያኛው ገራም ነው የሚለው ምክር ለአዲስ ገዢ ከእባቡ ጋር አብሮ ይሰጣል። እኔ ከዚህ ምክር አብዛኛውን አልቀበለውም። ቀለምና ጠባይ በአንድ ገላ ላይ ያሉ፣ በአመዛኙ ግን ለየብቻ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። የሚገናኙባት ቦታ አለች፤ እሷም ገዢዎች ከሚያስቧት ቦታ የራቀች ናት።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው። ሳይንስ ሞሬልያ ስፒሎታ ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1804 የመዘገበው ፈረንሳዊው ላሴፔድ ነው። የምንጣፍ ስሙን ያወጡለት ጀርባው ላይ ያሉት ጌጦች ናቸው። ከኒው ጊኒ ደሴት አንሥቶ እስከ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ድረስ በየአገሩ መልኩን እየቀያየረ ይኖራል። መርዝ የለውም፤ ያደነውን ተጠምጥሞ ነው የሚገድለው። እኛ ዘንዶ ስንል በልጅነት ተረታችን ሰው የሚውጠው፣ ምንጭ ዘግቶ ግብር የሚቀበለው ነው የሚታየን። ይኼኛው የዚያ ዓይነት ግርማ የለውም። አብዛኛው ሁለት ሜትር አካባቢ ነው፤ የባሕር ጠረፉ ዝርያ ከዚያ ያልፋል። በብሪዝበን ከተማ ጣሪያ ሥር ገብቶ አይጥ ሲያሳድድ መገኘቱ የተለመደ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በፈቃድ በቤት ይያዛል። አገሪቱ የዱር ተሳቢዎቿን ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ መላክን ብትከለክልም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲረባ ኖሯል። ገበያው ደግሞ ከምንም በላይ የሚከፍለው ለቀለም ነው።

የእባብ ቀለም የሚሠራው ከቅርፊቱ ሥር፣ በቆዳው ውስጥ በተደራረቡ ሴሎች ነው። ከላይ ቢጫና ቀይ የሚያስቀምጡ ሴሎች አሉ። ከእነሱ ሥር ምንም ቀለም የሌላቸው፣ ጓኒን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠሩ ጥቃቅን ብርሃን መላሽ ክሪስታሎችን የያዙ ሴሎች ይከተላሉ። ጥቁሩንና ቡናማውን የሚሰጠው ሜላኒን የሚከማችባቸው ሴሎችም አሉ። ዓይናችን የሚያየው የእነዚህን ድምር ነው። የምንጣፉ ዘንዶ የቅርብ ዘመድ የሆነው አረንጓዴው የዛፍ ዘንዶ አረንጓዴ ቀለም የሚባል ነገር ሰውነቱ ውስጥ የለውም። ክሪስታሎቹ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፣ ቢጫው ከላይ ያጣራዋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። እባብ ቆዳውን ሲጥል የጣለውን አንሥቶ ያየ ሰው ደግሞ ጌጡን ፈልጎ ብዙም አያገኝም። የሚጣለው የላይኛው ስስ ንብርብር ነውና ቀለሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል።

ታዲያ ልጅ ሲሆን ቡናማ፣ ሲያድግ ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው? ስለ ዛፉ ዘንዶ የተሻለ መልስ አለን። የዚህ እባብ ልጆች ቢጫ ወይም ቀይ ሆነው ይወለዳሉ፤ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ አረንጓዴ ይዞራሉ። በሰሜን ኩዊንስላንድ የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደጻፉት፣ ትንንሾቹ የሚያድኑት በጫካው ጫፍና ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ክፍት ቦታ፣ መሬት አጠገብ ነው፤ ትልልቆቹ ቅጠሉ መካከል ከፍ ብለው። ወፎች በሚያዩበት ዓይን ሲለካ እያንዳንዱ ቀለም በየቦታው ይሸሽጋል። ለምንጣፉም ዘንዶ ተመሳሳይ ነገር ማሰብ አይከብድም። ደረቅ ቅጠል መካከል ለሚኖር ትንሽ እባብ ቡናማነት መልካም ካባ ነው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይመጣል። በሲድኒ አካባቢና እስከ ምሥራቅ ቪክቶሪያ ድረስ የሚኖረው የአልማዝ ዘንዶ ጥቁር ሆኖ ክሬምና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ከዓለም ዘንዶዎች ሁሉ እንደ እሱ ወደ ደቡብ ዘልቆ፣ ብርድ ውስጥ የሚኖር የለም። ጥቁር ገላ ፀሐይን ቶሎ ይጠጣል፤ ክረምት ላለበት አገር ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

በዚህ ሁሉ የቀለም ምክንያት ውስጥ ስለ ጠባይ አንድ ቃል አልመጣም። ቀለሙን ያወጡት አዳኝና ብርሃን፣ ብርድና ጫካ ናቸው።

ቁጣውስ? እባብ አንድ ዓይነት ቁጣ ያለው ይመስለናል፤ ነከሰ አልነከሰም ብለን እንጨርሳለን። ከንክሻው በስተጀርባ ያለው ግን የተለያየ ነው። ትንሹ ዘንዶ የሚናከሰው ስለሚፈራ ነው። ኩካበራ የተባለው ወፍ፣ አርጃኖ፣ ሌሎች እባቦች፣ ድመት ሳትቀር ይበሉታል። ከላይ የሚመጣ ጥላ ሁሉ ለእሱ ሞት ነው፤ የሰው እጅም ከላይ ይመጣል። እያደገ ሲሄድ እሱን የሚበላው ይቀንሳል፣ እጁም ጉዳት እንደማያመጣ ይለምዳል። ቁጣው የበረደው ቢጫ ስለሆነ ሳይሆን ስላደገና ስለለመደ ነው።

ሌላው ንክሻ የራብ ነው፤ ከፍርሃት ጋር ምንም አያገናኘውም። ዘንዶ በከንፈሩ ቅርፊቶች ላይ ሙቀት የሚሰማባቸው ጉድጓዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች በእባብ ጉድጓድ ውስጥ ሙቀቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠውን ፕሮቲን ለዩ። ይኸው ፕሮቲን ሰውም ዘንድ አለ፤ እኛ ውስጥ ሰናፍጭ ሲያቃጥለን የሚነቃው እሱ ነው። ጁሊየስ ከ11 ዓመት በኋላ ስለ ሙቀትና ንክኪ ስሜት በተደረገ ምርምር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ለእባብ አሳዳጊ የዚህ ትርጉሙ ቀላል ነው። አይጥ የሸተተበት ሳጥን ውስጥ ሞቃት እጅ ሲገባ፣ እጁ ለዘንዶው ምሳ ነው። የለመዱ ሰዎች ሳጥኑን ከፍተው በመጀመሪያ ጫፉ የታጠፈ ዘንግ ይዘው ገላውን ቀስ ብለው ይነኩታል። ምግብ እንዲህ አይነካካም፤ እባቡ ይህን ቶሎ ይማራል። ጠባዩ ተለወጠ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ትምህርት ነው።

ብርድም ጠባይ ያበላሻል። በእስራኤል በረሃማ አገር በሚኖሩ እንሽላሊቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት፣ የሞቃቸው ሲሮጡ ያልሞቃቸው ግን ቆመው አፋቸውን ከፍተው እንደሚገጥሙ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀዘቀዘ ጡንቻ መሸሽ አይቻልም። እባብም ደመ ቀዝቃዛ ነውና ማሞቂያው የተበላሸበት ሳጥን ውስጥ ያለ ዘንዶ ቢነክስ ጥፋቱ የማሞቂያው ነው። ቆዳ ሊጥል ሲቃረብ ደግሞ የዓይኑ ሽፋን ይደፈርሳል፤ በቅጡ በማያይበት ሰሞን የሚነካውን ሁሉ ይጠረጥራል። እንቁላሏ ላይ የተጠመጠመች እናትማ የምትነካ አይደለችም። ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት እየፈጠረች ሳምንታት የምትቀመጥ ናትና።

ስለ ጠባይና ስለ አገር ከሰማሁት ሁሉ የምወደው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ሪቻርድ ሻይንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳተሙት፣ በሰሜን ምሥራቅ ኒው ሳውዝ ዌልስ ያሉት ወንድ የምንጣፍ ዘንዶዎች ለሴት ሲሉ ተጠማዝዘው ይፋለማሉ፣ ይናከሳሉም። በሲድኒ አጠገብ ያሉት የአልማዝ ዘንዶዎች ግን በአንዲት ሴት ዙሪያ ብዙ ሆነው ተሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ፤ ጠብ የለም። አንድ ዝርያ ነው፣ አንድ ጠረፍ ነው። የአልማዙ ዘንዶ በአርቢዎች ዘንድ ገራም የሚል ስም አለው፤ የአተርተኑ ጫካ ዘንዶ ተናካሽ፣ ከኢንዶኔዢያ ፓፑዋ የመጣው ደግሞ ጭምት ይባላል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ እውነት የለም አልልም፤ ለየብቻ የኖሩ ሕዝቦች በጠባይ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ግን የአገርና የዘር ነው። በአንድ እናት ልጆች መካከል ቢጫው ከቡናማው የባሰ ይናከሳል ለማለት የሚያበቃ ምንም የለም።

ቀለምና ጠባይ በእውነት የተቋጠሩበት እባብ አለ፤ ዘንዶ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖር፣ አንዳንዱ ባለ መስመር፣ አንዳንዱ ባለ ነጠብጣብ የሆነ ትንሽ የሣር እባብ ነው። ኤድመንድ ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1989 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳየው፣ ባለ መስመሮቹ ሲባረሩ ቀጥ ብለው ይሮጣሉ፤ ነጠብጣብ ያላቸው ድንገት ይታጠፉና ይቆማሉ። ረጅም መስመር ሲንቀሳቀስ ፍጥነቱን ዓይን አይለየውም፣ ስለዚህ መሮጥ ይበጀዋል። ነጠብጣብ ግን ሲቆም ነው የሚጠፋው። መልኩና አሸሻሹ በውርስም አብረው ይተላለፋሉ። ልብ ይባል፤ የተቋጠረው ቀለምና የማምለጫ ዘዴ እንጂ ቀለምና ገራምነት አይደለም።

ወደ ዘንዶው ስንመለስ መገናኛዋ ቦታ ጽንሱ ውስጥ ናት። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ቆዳ ላይ አይደለም የሚጀምሩት። ጽንሱ ጀርባ ላይ፣ ህብለ ሰረሰር ከሚሠራበት ጥግ ተነሥተው ወደ መላው ገላ ይጓዛሉ። ከዚያው ቦታ የሚነሡ ሌሎች ሴሎች የነርቭና የጭንቅላት አካላትን፣ የውስጠኛውን ጆሮ ከፊል ጨምሮ፣ ይሠራሉ። ስለዚህ ይህን ጉዞ የሚያዛባ ጂን መልክ ለውጦ ብቻ ላያቆም ይችላል። ነጫጭ ድመቶች መካከል ደንቆሮ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ የምንጣፍ ዘንዶ ተገኘ። ጌጡ ተሰባብሮ፣ ቢጫው ጎልቶ፣ ጃጓር የሚል ስም ወጣለት። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ይህን መልክ ይይዛል። ከሁለቱም የወረሰ ነጭ ሆኖ እንቁላሉ ውስጥ ወይም እንደወጣ ይሞታል። ከሞት የተረፉት ጃጓሮችም ደህና አይደሉም። አንገታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላታቸው ያዘነብላል፣ ሲደነግጡ ወይም ምግብ ሲሸታቸው እንደ ቡሽ መንቀያ ይጠመዘዛሉ፤ አንዳንዱ ላይ በጭንቅ የሚታይ፣ አንዳንዱ ላይ ምግቡን እስከመሳት የሚያደርስ ነው። እንዲህ ያለ እባብ ወርውሮ ሲስት ያየ ሰው ቁጡ ነው ሊል ይችላል፤ ገላው አልታዘዝ ብሎት ሲቀመጥ ያየ ደግሞ ገራም ነው ይላል። ሁለቱም ስተዋል።

የአፍሪካው ኳስ ዘንዶ ላይ የወጣውና ሸረሪት የሚባለው መልክ ተመሳሳይ ምልክት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የእነዚህን እባቦች ጭንቅላት በራጅ ስካን ቃኝተው፣ ሚዛን የሚጠብቁት የውስጠኛው ጆሮ ቱቦዎች ተበላሽተው አገኟቸው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በብሪታንያ ዓለም አቀፉ የሄርፔቶሎጂ ማኅበር በትርኢቶቹ ላይ የሸረሪት ዘንዶ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ጃጓር ግን ዛሬም ይሸጣል፤ ከሌሎች መልኮች ጋር እየተዳቀለም አዳዲስ ስም እየወጣለት ነው።

ይህ ማለት የቀለም እርባታ ሁሉ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ዳርዊን ከተማ አካባቢ ከዱር በተገኘች ነጭ ሴት ዘንዶ የተጀመረው የአልቢኖ ዘር ሜላኒን መሥራት ብቻ ነው ያቃተው። ሴሎቹ ተጉዘው ቦታቸው ደርሰዋል፣ ባዶ እጃቸውን ናቸው እንጂ። አንገቱ አይንቀጠቀጥም። የአተርተኑን ቢጫ ለማድመቅ ደማቁን ከደማቁ እያዳቀሉ በትውልድ የሚደረገው ምርጫም የዚህ ዓይነት ችግር አላመጣም። ገዢው መጠየቅ ያለበት ቀለሙ ምን ያህል ያምራል ሳይሆን በየትኛው መንገድ መጣ ነው።

ጃጓርን የፈለገ ሰው ሳጥኑን ሲመለከት ደግሞ ከጎን ያሉትን ይይ። አንድ ጃጓር ከተራ ዘንዶ ጋር ሲዳቀል ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ጂኑን አይወርሱም። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች መልካቸው ተራ ነው፣ ዋጋቸው ይረክሳል፣ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በመጀመሪያው ዓመት ግን እነሱም ይናከሳሉ።