በሕግ አምላክ ተብሎ የቆመ ሰው

በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ፥ ሌላው ያነሣውን ዱላ ያወርዳል፤ የሚሮጠውም ይቆማል። የሚቆመው ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ሕግ በደኅና ወስዶ ከዳኛ ፊት ያደርሰኛል ብሎ አምኖ ነው። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ሲታሰሩ፥ ማን ማንን እንደ ያዘ መንገደኛው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ያይ ነበር። ዛሬ ቁራኛው ቀርቶ ቁልፉ በፖሊስ እጅ ነው። ታዲያ በእግሩ የገባ እስረኛ በቃሬዛ ሲወጣ፥ ቁልፉን ከያዘው ሰው በቀር ማን ይጠየቃል?

ከጅጅጋ ወደ ደገሐቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለቀብሪበያና ለጎረቤቶቿ ከተሞች ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በጅጅጋ «ጄል ኦጋዴን» እየተባለ ይጠራ የነበረውን ወኅኒ ቤት የማያውቅ የለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ 70 የሚያህሉ የቀድሞ እስረኞችን ጠይቆ፥ በዚያ ሰዎች በሥቃይ፥ በረኃብና በሕክምና እጦት ይሞቱ እንደ ነበር ገልጧል። ወኅኒ ቤቱም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘጋ። የክልሉ የቀድሞ ፕሬዚዳንት አቶ አብዲ ሙሐመድ ዑመር በዚያው ዓመት ተከሰሱ፤ ክሱ ግን በሐምሌ መጨረሻ 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ ስለ ደረሰው ሁከት ነበር። እርሱም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተቋርጦ ተፈቱ። በር መዝጋትና ደምን መጠየቅ ግን ሁለት ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ወገኖች ሦስት ናቸው። አንደኛው ወገን ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ይላል። በሶማሌ ልማዳዊ ሕግ ለተገደለ ወንድ 100 ግመል ካሳ ይቈረጣል፤ የገዳዩም ጎሣ አዋጥቶ ይከፍላል። ይህ ጥበብ ጎሣና ጎሣን ሲያስታርቅ የኖረ ስለ ሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን ፖሊሱ እስረኛውን የያዘው በጎሣው ስም አይደለም፤ በመንግሥት ስም ነው። ጎሣው ከከፈለለት፥ የሹመት ጥፋት የነበረው የሁለት ጎሣ ጠብ ሆኖ ይቀራል፤ ያዘዘውም አለቃ አንድ ግመል ሳይጎድልበት ይሄዳል።

ሁለተኛው ወገን «ዝቅተኛው ፖሊስ ታዝዞ ነው» ይላል። የወንጀል ሕጋችን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 424 እስረኛን የሚያሠቃይ ሹም፥ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት፥ ያዘዘው ደግሞ እስከ 15 ዓመት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። እስረኛው የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ የግድያ አንቀጾች አሉ። እንግዲህ ሕጉ መቺውንም አዛዡንም ያያል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ የሕጉ ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው ወገን «ፖሊስ ከተከሰሰ ሌባን ማን ይይዛል?» ይላል። እኛ እንደሚመስለን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሬሳ ከወኅኒ ቤት ወጥቶ ማንም ካልተጠየቀ፥ ደኅነኛው ፖሊስ ከክፉው ጋር አብሮ ይታማል። ክስ የሚያነጻውም በደለኛውን የሚለየውም ችሎት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዟል። በአንቀጽ 28ም በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል፥ ከእርሱም ውስጥ ኢሰብአዊ ድብደባ፥ በይርጋ እንደማይታገድ፥ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ተጽፏል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እርቅና ክስ ተቃቅፈው ይሂዱ ከተባለ፥ እርቁ የክሱን ቦታ እንዳይወስድበት መጠንቀቅ ይገባል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እስረኛ ሲገባ ሰዓቱና የተረከበው ሰው ስም ይጻፍ፤ የሞተ እንደ ሆነ ሬሳው ሳይቀበር በሐኪም ይመርመር፤ ምርመራውንም የዚያው ጣቢያ ባልደረቦች አይያዙት፤ ክሱም በግልጽ ችሎት ይሰማ። ይህ ሲሆን የቀብሪበያ እናት ልጅዋን የት እንዳደረሱት ለመጠየቅ ከበር ወደ በር አትንከራተትም፤ ጠያቂው ዐቃቤ ሕግ፥ መላሹም ቁልፉን የያዘው ይሆናል።

አለዚያ ነገ «በሕግ አምላክ!» ስንል የሚቆምልን ሰው እናጣለን።