የቆላ ውሎ ስንቅና ትጥቅ

አማርኛ «ስንቅና ትጥቅ» ሲል ስንቅን ያስቀድማል። ጠመንጃ ከሚስት እኩል በሚወደስበት አገር ይህ ቅደም ተከተል ለሰሚው ሊገርም ይችላል። ይፋት ቆላ ወርዶ አንድ ቀን በጫካ የዋለ ሰው ግን አይገርመውም። ጥይት ያልቅበት እንደሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ውሃ ያልቅበት እንደሆነ መመለሱም ያጠራጥራል።

በይፋት ቆላ ያለው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ በፊት ያለው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከተማው ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ገብሱ በማሽላ፣ ግጫው በግራር ይተካል። ከሮቢት በስተ ምሥራቅ መሬቱ ለጥ እያለ ወደ አፋር ይወርዳል፤ የሮቢና የጀወሃ ወንዞችም ወደዚያው ወደ አዋሽ ይጓዛሉ።

የዚህ አገር አዳኝ ሲወራለት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ግዳይ ነው፤ ዝሆንና አንበሳ፣ ፉከራና ቀረርቶ። ያ አደን ቀናት የሚፈጅ፣ አሽከርና ጓዝ የሚያስከትል የባለማዕረግ ሥራ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ሌላው ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ማታ ከብት ሲገባ የሚመለሰው፣ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ቢቀናው የሚደሰት፣ ባይቀናው ሁለት ጅግራ በእጁ አንጠልጥሎ የሚገባው። ማሳውን እያረሰ ያስቸገረውን ከርከሮ ለመግደልም ይወጣል፤ ከርከሮን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው ይህኛው አደን ለድስት ሳይሆን ለንዴት ነው። የዚህ ሰው ኮሮጆ በዘፈን አልተነገረለትም። ሲፈቱት ግን የአካባቢው ኑሮ ከውስጡ ይወጣል።

ከውሃው እንጀምር። በቆላ ፀሐይ የሚጓዝ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። ስምንት ሰዓት ለሚያህል ውሎ የሚበቃውን ሁሉ ልሸከም ቢል ለሌላ ዕቃ ትከሻ አይተርፈውም፤ ስለዚህ ጥቂት ይይዝና የቀረውን መንገዱ ላይ ያገኛል። የት ምንጭ እንዳለ፣ የትኛው አሸዋ ሲጫር ውሃ እንደሚያወጣ ማወቅ ራሱ ከስንቅ ይቆጠራል። መያዣው ጥንት ቅል ነበር። ቀላል ነው፣ ሽታ አይሰጥም፣ ጉዳቱ ግን ድንጋይ ላይ አንዴ ከወደቀ ነገሩ ማለቁ ነው። አፋሮች የፍየል ቆዳ ይመርጣሉ። ቆዳው በላዩ ጥቂት ጥቂት ስለሚያልበው፣ ላቡም ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ያለው ውሃ በቀትርም ቀዝቀዝ ይላል። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የወታደር ኮዳ ገባ፤ ቀጥሎ ቢጫው ጀሪካን፤ ዛሬ ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ጠርሙሱን ሰው ሁሉ «ሃይላንድ» ይለዋል፤ ከአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም የተረፈ መጠሪያ ነው። ትርጉሙ «ደጋ» መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ የቆላው እረኛ ደጋን በወገቡ አንጠልጥሎ ሲሄድ ባየ ቁጥር ፈገግ ይላል።

ምግቡ እሳት ሳይነድ የሚበላ መሆን አለበት። ጭስ አውሬ ያባርራል፣ እንጀራም በሙቀት ቶሎ ይሻግታል። ከሁሉ የሚመቸው በሶ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይሻም፤ ጥቂት ውሃና ጨው ጣል ተደርጎበት በመዳፍ ይታሻል፣ ይጨበጣል፣ ይጎረሳል። በቅቤ ከታሸ ጭኮ ይሆንና ጥቂቱ ሆድ ይዞ ይውላል። ረቡዕና ዓርብ የሚወጣ ክርስቲያን ግን ቅቤውን ትቶ በጨውና በውሃ ይጨብጠዋል፤ ጫካ ገቡ ተብሎ ጾም አይገደፍም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይገባሉ። እነዚህ እየተጓዙ የሚቆረጠሙ ናቸው፤ በሶ ግን ለመጨበጥ መቀመጥ ይፈልጋል፣ መቀመጥ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። በመኸር ወራት ስንቁ ከማሳው ይገኛል፤ የማሽላ እሸት ይበላል፣ ጥንቅሽ ይመጠጣል። በበጋ የቁርቁራ ፍሬ አለ፤ ከሥጋው ፍሬው ቢበዛም አፍ ያረጥባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ገብስ ቆላ አይበቅልም። በሶው የመጣው ከላይ፣ ከደብረ ሲናና ከመንዝ በኩል ነው። ጨው ደግሞ ከታች፣ ከአፋር ነበር የሚመጣው፤ አሞሌው በሸዋ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ደገኛው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት የሰንበቴ ገበያ እስካሁን በየእሑዱ ይቆማል፤ ስሙም ከዚያው ነው። ስለዚህ አዳኙ ያቺን አንዲት የበሶ ጭብጥ ሲጎርስ ላይና ታች አብረው ወደ አፉ ይገባሉ። ይፋት የቀድሞው የኢፋት ሱልጣኔት መናገሻ፣ ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መሸጋገሪያ ነበረችና በስንቅ ጥበብ ብትካን አይደንቅም። አደን የማያውቀው ነጋዴም ቢሆን ያው በሶ፣ ያው ቅል ነበረው።

ቢላዋው ከጠመንጃው ይበልጣል ብል የሚቆጣኝ አዳኝ ይኖራል። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የቆሰለችው ሚዳቋ ነፍሷ ሳይወጣ ካልታረደች ሥጋዋ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አይሆንም። ተኩሶ ከመታ በኋላ የሚቀረው ሩጫ ነው፤ ሩጫው መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚሠራው ስለት ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በወጡበት ቀን ሥጋው ለማን ቤት እንደሚሆን የሚወስነው ተኳሹ ሳይሆን ያረደው እጅ ነው፤ በስመ አብ የተባለበት ለአንዱ፣ ቢስሚላህ የተባለበት ለሌላው። ደገኛው ካራ ወይም ሰንጢ ይይዛል፤ አፋሩ በሁለት ወገን የተሳለውንና ጎበጥ ያለውን ጊሌውን ከወገቡ አይለይም።

ጠመንጃን በተመለከተ ብዙ ተብሏልና አጭር ልሁን። ውጅግራ የሚባለው ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 ከወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ከጅግራ ወፍ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ጎራሽነቱ አንድ ጥይት ብቻ ስለሆነ አዳኙን ትዕግሥት አስተምሮታል። ዝናሩን ሞልቶ የሚወጣ ሰው ወይ ለጦርነት ነው ወይ ለመታየት ነው።

ከኮሮጆው ዕቃ ሁሉ ትንሹ ወረንጦ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ጫፉ የሾለ የብረት መቆንጠጫ፣ ቀጥቃጭ የሚሠራው፣ በቆዳ አፎት ሆኖ በአንገት ወይም በመታጠቂያ የሚንጠለጠል። የቆላ ዛፍ እሾህ የሌለው ጥቂት ነው። ግራሩ ቀጥ ብሎ ይወጋል፤ ቀንጠፋው እንደ መንጠቆ ይይዛል፣ ቢጎትቱት ይብስበታል፣ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ነው። ወደ አዋሽ ሲወርዱ ደግሞ ከውጭ የመጣው ፕሮሶፒስ አለ፤ እሾሁ ከመኪና ጎማ የተቆረጠውን በርባሶ ሳይቀር በስቶ እግር ይደርሳል። እሾህ የገባበት እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል፣ ያበጠ እግር ደግሞ ከውሃ ያርቃል። ብረቱ ክብደት የለውም፤ አለመያዙ ግን ከማንኛውም ዕቃ ይከብዳል። ከእሱ አጠገብ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከክብሪት በፊት ባልጩትና ቡላድ ነበሩ።

የሚደረበው ነጠላ ወይም ጋቢ በቀን ለራስ ጥላ፣ በቀትር ለወገብ ምንጣፍ ይሆናል። ሰው የተጎዳ እንደሆነ ደግሞ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ቃሬዛ ይሆናል። አንድ ዕቃ ይህን ሁሉ ሲያገለግል ሳይ የዘመኑን ባለ አሥራ ሁለት ኪስ የጀርባ ቦርሳ እታዘባለሁ።

በዚሁ አገር በተቃራኒው መንገድ ያለፈ ሰውም ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ በዓልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ወጥቷል። ቀደም ሲል በደቡባዊ አፍሪካ በአደን ስም ያተረፈ ነበር። ለንጉሡ የሚሰጠውን ስጦታ ጨምሮ ጓዙን ያወጣው በግመል መንጋ ነው። መንገድ ሲመሩት የነበሩት ደግሞ ቆዳና ጊሌ የያዙ የበረሃው ሰዎች ነበሩ።

አሁን ይህ ሁሉ አደን በሕግ ተወስኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ ፈቃዱም ክፍያ ያለው፣ በተወሰነ ቦታና በተወሰነ እንስሳ ላይ የሚሰጥ ነው። በአፋር በኩል ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ሳላና እንሹ የሚያድነው ብዙውን ጊዜ በዶላር የሚከፍል የውጭ ሰው ነው፤ ስንቁም በመኪና ይከተለዋል። የይፋት ገበሬ ለአንድ ሚዳቋ ያንን ደጅ አይጠናም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ያዩትን ካዩ በኋላ፣ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ውስጥ የተገኘ ሰው አዳኝ ነኝ ቢል የሚያምነው የለም።

ትጥቁ እንዲህ ሲቀር ስንቁ ግን አልቀረም። ዛሬ ኮሮጆውን የወረሱት ከብት ጠባቂውና ማሳ ጠባቂው ናቸው። ማሽላው ሲያሽት በሮቢት ሜዳ ላይ በየማሳው ማማ ይሠራል፤ አራት ቋሚ እንጨት፣ በላዩ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮህ ልጅ። ጠላቱ ግሪሳ ወፍ ነው። አንዷ ግሪሳ በቀን የምትበላው አሥር ግራም ያህል እህል ቢሆን ነው፤ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ ግን የቀን ቀለቧ መቶ ኩንታል ይደርሳል። ለእሷ ጥይት አይሆንም፤ ጅራፍ ማጮህና ወንጭፍ መወርወር ነው።

ልጁ ወደ ማማው ሲወጣ በሶው፣ ሃይላንዱ፣ ወረንጦው አብረውት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ተጨምሯል። ጥቁር አፈር በሆነ ማሳ ውስጥ የወንጭፍ ድንጋይ አይገኝምና ማታውኑ ወንዝ ወርዶ እንቁላል የሚያካክሉትን እየመረጠ መልቀም አለበት፤ ስለዚህ ከኮሮጆው ሁሉ የሚከብደው ድንጋዩ ነው።